አልትን ያልለቀቀው ኢልፖ

በኢልፖ ሄይኩራ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ሰው መሥራት አይችልም። ይህን የሚለው ራሱ ኢልፖ ነው፤ ያውም ደረቱን ነፍቶ። ስክሪኑ ሲበራ ጥቁር ነው። የሚጫኑት ምልክት የለም፣ የሚከፈት ዝርዝር የለም፣ ማውሱም መሳቢያ ውስጥ ከገባ ዓመታት አልፈውታል። ሁሉም ነገር የሚሆነው በኪቦርድ ነው። አልት የምትባለውን ቁልፍ ይዞ አንዱን ፊደል ሲነካ መስኮት ይከፈታል፤ ሌላውን ሲነካ የተከፈቱት መስኮቶች ስክሪኑን ተካፍለው እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። አንዱ ሌላውን አይሸፍንም፣ አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን አንድ ፋይል አለ። ፋይሉን የጻፈው ኢልፖ ነው፤ ዛሬም ጽፎ አልጨረሰውም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። በፊንላንዷ ካያኒ ከተማ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት በየሳምንቱ የሚሰበሰቡትን ብታዩ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ የሌላውን ኮምፒውተር ከፍቶ የአየር ሁኔታ እንኳ ማየት አይችልም፤ በዚህም እጅግ ይከባበራሉ።

የኢልፖ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ምክንያቱ ኪቦርዱ ነው። ኪቦርዱ ከተዘጋ የባንክ ቅርንጫፍ የተገኘ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ ሲመቱት ጎረቤት የሚሰማው አሮጌ ዕቃ ነው። በዛሬ ኪቦርዶች ላይ በኮንትሮልና በአልት መካከል ያለችው ቁልፍ እሱ ላይ የለችም፤ ሲሠራ ገና አልተፈጠረችም ነበር። ጓደኞቹ መስኮት የሚያዙት በዚያች ቁልፍ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ስለማይነካት ከማንም ጋር አታጣላቸውም። ኢልፖ ግን ትእዛዙን ሁሉ የሰቀለው አልት ላይ ነው። አልትን ደግሞ ጌም የሚባል ነገር ሁሉ ይፈልጋታል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

እንጀራው የመኖሪያ ሕንፃ ጥገና ነው። በረዶ ይጠርጋል፣ የማይሞቅ ማሞቂያ ያስተካክላል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያጠብቃል። አሮጊቶቹ ይወዱታል። ዝም ብሎ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ይጠግናል፣ የቀረበለትን ቡና ጠጥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። ለጥገና ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ጠባይ የለም። ለባል ግን አይሆንም፤ የቀድሞ ሚስቱ ሜርቪ ሴት ልጃቸውን ይዛ ኦሉ ከተማ ከገባች ቆየች። የተለያዩት በኮምፒውተር አይደለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የባቡር ሰዓት ልታይ ተቀምጣ አንዱን ቁልፍ ነክታ፣ እሱ ሲሠራበት የዋለው ሁሉ ሲጠፋ፣ «በዚህ ቤት ውስጥ እኔ የምነካው ነገር አለ ወይ?» ብላው ነበር። እሱም የባቡሩን ሰዓት ፈልጎ ነገራት።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ከሕንፃ በር ላይ በረዶ እየዛቀ ሳለ ሜርቪ ደወለች።

«ቁጭ ብለሃል?»

«ቆሜያለሁ። በረዶ እየጠረግኩ ነው።»

«እንግዲያው ቆመህ ስማኝ። ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ሥራ አግኝቻለሁ። ሆስፒታሉ ቤትም ይሰጣል። ትምህርት ሲዘጋ እንሄዳለን።»

«እንሄዳለን ማለት?»

«እኔማ እሄዳለሁ። ሳይሚ ናት ያልወሰነችው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምርጫ የሚዘጋው ትምህርት ቤት ለበረዶ ሸርተቴ የሚዘጋበት የሳምንት ዕረፍት ካለቀ በኋላ ነው። ካያኒ ገብቼ ከአባዬ ጋር ልኑር ወይስ ካንቺ ጋር ልሂድ እያለች ነው።»

ኢልፖ አካፋውን በረዶው ላይ ተከለው።

«እየሰማኸኝ ነው?»

«እየሰማሁሽ ነው።»

«ዕረፍቱን አንተ ጋ ነው የምታሳልፈው። ከእሱ ጋር መኖር ምን እንደሚመስል ልየው አለች፤ በራሷ አፍ። ኢልፖ፣ እባክህን...»

«ምን?»

«ምንም። ብቻ አብረሃት ሁን።»

«እሺ» አለ፤ ስልኩ ተዘጋ። ኢልፖ በረዶ መዛቁን ረስቶ ቆመ። ልጁ አብራው እንድትኖር የፈለገውን ያህል በሕይወቱ የፈለገው ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን በር ላይ ማየት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ሲከፈት መስማት፤ ይኸው ነው፣ ሌላ አልፈለገም። ይህን ለእሷ መንገር ግን አይችልበትም። የሚችልበት ማዘጋጀት ነው።

በማግስቱ ሳይሚ ራሷ መልእክት ላከችለት፤ «ለሁለት ሰው የሚሆን አሪፍ ጌም አለ። አብረን እንጨርሰው? እኔ ኪቦርድ፣ አንተ ጆይስቲክ።» ኢልፖ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። ልጁ በእሱ ኪቦርድ ልትጫወት ነው። ደስታው ወሰን አጣ፤ ወዲያውም ጭንቀት ያዘው። በዚያው ሳምንት ምድር ቤቱ ስብሰባ ላይ ስለ ነገሩ ካውኮን አማከረው። ካውኮ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ምላሱ ስለታም፣ ልቡ ግን ደግ።

«ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ተራውን ዴስክቶፕ ጫንላት» አለ ካውኮ።

«እኔ ቤት?»

«አዎ፣ አንተ ቤት። ልጅቷ የምትመጣው አንተን ልታይ ነው እንጂ ፋይልህን ልትመርቅ አይደለም።»

«በአንድ ሞድ ይፈታል እኮ። ጨዋታ ሲጀመር የእኔ የቁልፍ ትእዛዞች ሁሉ ይተኛሉ፣ ሲያልቅ ይነሳሉ። የጨዋታ ሞድ እለዋለሁ።»

«ሞድ! አንተ ሰውዬ፣ ኪቦርዱን ቀይረው በቃ። ገበያ ማዕከሉ ውስጥ እንደ ድንች ተቆልሎ ይሸጣል።»

«ይሄ ኪቦርድ ምን በደለ?»

«ይገርማል!» አለ ካውኮ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «ሜርቪን ፈታ፣ አልትን መፍታት ግን አቃተው!»

ሁሉም ሳቁ። ኢልፖም ሳቀ፤ ከአንገት በላይ ነበር። ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሳይሚ ቅዳሜ በባቡር መጣች። ጸጉሯን አሳጥራዋለች፣ ቁመቷ የእሱን ትከሻ አልፏል፣ አፏ ውስጥ ጨው ያለው ጥቁር ከረሜላ አለ። ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና እጇን አሮጌው ኪቦርድ ላይ አሳረፈች።

«ኡ! ይሄ ኪቦርድ ነው የጽሕፈት መኪና?»

«ኪቦርድ ነው። ቆይ አንድ ደቂቃ፣ እኔ ልክፈትልሽ።»

ጌሙ ተከፈተ፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም መስኮት ቦታውን ተካፍሎ በስክሪኑ ግማሽ ላይ ተጨምቆ ቁጭ አለ። የጌሙ ሰዎች ቀጥነው ክር አከሉ። ሳይሚ ከወንበሩ እስክትወድቅ ሳቀች፤ ኢልፖ ግን ፊቱ ቀላ። ጌሙ ሙሉ ስክሪን እንዲይዝ አደረገ፤ ያኔ የጆይስቲኩ ምልክት ጠፋ። ጆይስቲኩን መለሰ፤ ያኔ የፊንላንድ ፊደሎች ቦታቸውን ለቀው እንግሊዝኛ ሆኑ። አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ይሸሻል። እሑድ ሙሉውን እንዲህ ዋለ። ሰኞም እንደዚያው።

ሳይሚ አላኮረፈችም። ይህን ልጅቷን ላለመበደል እነግራችኋለሁ። በረዶ ሸርተቴዋን ተጫምታ ጫካው ውስጥ ብቻዋን ሄዳ ትመለሳለች። ማካሮኒ ከተፈጨ ሥጋ ጋር በምድጃ ትሠራለች፤ እሱ ሳህኑን ኪቦርዱ አጠገብ አድርጎ ይበላል። አንዳንዴ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ትጠይቀዋለች።

«አባዬ፣ ሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ሩቅ ነው?»

«ሩቅ አይደለም።»

«በእግር ያስሄዳል?»

«ያስሄዳል» ይላል ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ኢልፖ በየቀኑ በደጃፉ ያልፋል፤ የማሞቂያ ክፍሉን ቁልፍ ሳይቀር ያውቀዋል። ካፖርቷን አልብሶ፣ ድልድዩን አሻግሮ፣ «ይኸው፣ በዚህ በር ነው የምትገቢው» ቢላት ምን ነበረበት? እኔ ግን የምናገረው ከዳር ሆኜ ነው። እሱ በዚያን ሰዓት እየሠራላት ያለ ነበር የመሰለው። ያ ሁሉ ድካም ለማን ነው? ለእሷ ነው። ማሽኑ ከተስተካከለ ሌላው ሁሉ በራሱ ይስተካከላል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የጨዋታ ሞዱ አለቀ። አንዲት ቁልፍ ሲነካ የኢልፖ ትእዛዞች ሁሉ ይተኛሉ፤ አልት ለጌሙ ትለቀቃለች። አንድ ትእዛዝ ብቻ ሳያስተኛ ተወ። አልት፣ ሺፍትና ኪው አንድ ላይ ሲጫኑ ፊት ለፊት ያለው መስኮት ሳይጠይቅ፣ ሳያስቀምጥ ይዘጋል። ጌም አንዳንዴ አልንቀሳቀስ ብሎ ይደርቃልና መውጫ ያስፈልጋል አለ። ከሥራው ያመጣው ልማድ ነው፤ መውጫ የሌለው ክፍል አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጌሙ ሁለት ሰዎች ውኃ የገባበትን አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ የሚያቋርጡበት ነው። አንዱ መብራት ይይዛል፣ ሌላው በር ይከፍታል፤ አንዱ ከሌላው ከራቀ ሁለቱም ይጠፋሉ። መብራቱን የያዘው ኢልፖ ነው። ጆይስቲክ ይዞ አያውቅም፤ ሰውዬው ከግድግዳ ጋር እየተላተመ ይሄዳል።

«አባዬ፣ ግድግዳውን ተወው! ምን አደረገህ?»

«እኔ ነኝ እንዴ፣ ግድግዳው ነው የሚገፋኝ!»

«መብራቱን ወደዚህ! ወደዚህ! ወይኔ፣ አባቴ ሰካራም ነው!»

ኢልፖ ሳቀ። ይህኛው ሳቅ ከሆዱ ነበር። እንዲህ ሳይስቅ ስንት ጊዜ እንደቆየ ራሱም አያውቅም። ከመስኮቱ ውጭ በረዶው ላይ ያረፈው ፀሐይ ቤቱን ሞልቶታል፤ ከረሜላው በመካከላቸው ነው፤ ትከሻዋ ትከሻውን ይነካል። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሄደ፤ የተደረሰበት ቦታ የሚቀመጠው ጣቢያ ሲደርሱ ብቻ ስለሆነ መሃል ላይ ከተቋረጠ ካለፈው ጣቢያ እንደገና መጀመር ነው። እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ተፈታ። ሳይሚ ስለ ጓደኞቿ አወራች፣ እናቷ ኖርዌይኛ ስታጠና ስለምታሰማው ድምፅ አወራች፤ ከዚያ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ እንዳደረገች፣

«ክፍሌ የትኛው ይሆን ነበር?» አለች።

«የትኛው ክፍል?»

«እዚህ ብኖር ማለቴ ነው።»

የኢልፖ ሰውዬ ጉድጓዱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ወንዙን የሚያየው» አለ።

«እሱማ ያንተ መኝታ ቤት ነው።»

«እኔ ሳሎን እተኛለሁ። ሳሎን ይሻለኛል።»

ሳይሚ ፈገግ ስትል በጎን አየ። «ቆይ፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ግን እውነቱን ነው የምትነግረኝ። አባዬ፣ አንተ...»

በዚህ መካከል ጉድጓዱ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጠባቂው ነው፤ ድምፅ ሲሰማ ይመጣል። ሳይሚ ጌሙ ውስጥ ያለችው ሰውዋ በዝግታ እንድትራመድ አልትን ያዘች፣ ትንፋሿን እንድትውጥ ሺፍትን ያዘች፣ ለመብራት ያዡ ለማፏጨት ኪውን ነካች።

ጌሙ ጠፋ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከዚያ ሳይሚ በሳቅ ፈነዳች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ሞትን! አባዬ፣ ጠባቂው ሳይሆን አንተ ገደልከን!»

ያኔ አብሯት ቢስቅ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ኢልፖ ግን አልሳቀም። ጌሙን የዘጋችው የተዋት መውጫ ናት። ራሱ ነው የተዋት። ጆይስቲኩን አስቀምጦ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ።

«አንድ ደቂቃ።»

«ግድ የለም፣ ከጣቢያው እንጀምረዋለን። ደስ ይል ነበር እኮ።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ። አየሁት፣ የት እንደሆነ አውቄዋለሁ።»

«ፉጨቱን ጌሙ ውስጥ ወደ ሌላ ፊደል ልቀይረው። አሁን ነው የሚያልቀው።»

«አይሆንም። ጥፋቱ የጌሙ አይደለም፣ የኔ ነው። ከሥሩ ነው መታረም ያለበት።»

«ለምን?»

ኢልፖ ፋይሉን ከፈተ። መውጫዋን ወደ ሌላ ቁልፍ ሊያዛውራት አሰበ፤ ያ ቁልፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ ነበር። ያንን ሲያነሳ ሦስተኛው ተነካ። ሳይሚ አጠገቡ ተቀምጣ ጠበቀች። ከረሜላ አቀበለችው፤ ሳያይ ተቀበላት።

«ልጠይቅህ የነበረውን ልጠይቅህ?» አለች።

«ጠይቂኝ፣ እየሰማሁሽ ነው።»

ጣቶቹ ኪቦርዱን ይቀጠቅጡ ነበር። ሳይሚ ጣቶቹን አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ተወው፣ ስትጨርስ ይሻላል።»

«ጨረስኩ እኮ፣ አሁን ነው የማልቀው።»

ከጎኑ ተነስታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ከሶፋው ተነስታ መስኮቱ ጋ ቆመች። በኋላም ወደ ውስጥ ገባች፤ መቼ እንደገባች አላስተዋለም። ነገረ ዓለሙን ረስቶ ነበር። ቀና ሲል ፀሐዩ ከበረዶው ላይ ተነስቷል። ጌሙን ከፈተ፣ አልትን ያዘ፣ ሺፍትን ያዘ፣ ኪውን ነካ። ጉድጓዱ ውስጥ ፉጨት ተሰማ። ምንም አልተዘጋም።

«ሳይሚ! ሠራ!»

መልስ የለም። ተነስቶ በኮሪደሩ ሄደ። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ በስልክ እያወራች ነው።

«አይ፣ አልተጣላንም... ኧረ ምንም አላደረገኝም። እማዬ፣ ምንም አላደረገም ነው የምልሽ... ልጠይቀው ነበር፤ እንድኖር ትፈልጋለህ ወይ ልለው ነበር... አይ፣ አልጠየቅኩትም። ሥራ ላይ ነው... አዎ። ካንቺ ጋር እመጣለሁ... አልነገርኩትም፤ ይከፋዋል። ቅዳሜ እነግረዋለሁ።»

ኢልፖ ሁሉንም ሰማ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በሩን ገፍቶ ገብቶ «እፈልጋለሁ፣ ልጄ፣ ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም» ሊላት ሁለት እርምጃ ነበር የቀረው። ቃሉን ያውቀዋል። አልገባም። ኮቴውን አጥፍቶ ወደ ሳሎን ተመለሰና ጆይስቲኩን ይዞ ተቀመጠ፤ ሌላ የሚይዘው ነገር ስላጣ።

እሷ ወጣች። ፊቷን ታጥባለች።

«ሠራ?»

«ሠራ።»

«በል እንጫወታ።»

ተጫወቱ። በማግስቱ አርብም ሲጫወቱ ዋሉ፤ ጉድጓዱን ጨርሰው ወደ ብርሃን ወጡ። አንድም ቁልፍ አልተሳሳተም። አልት ሰውዋን አራመደች፣ ሺፍት ትንፋሽ አስዋጠች፣ ኪው አፏጨች። ሳይሚ ሲያስቃት ሳቀች፣ ሲያበረታታት አመሰገነች፤ እንግዳ ቤት እንደሄደ ደህና ልጅ ጨዋ ሆነች። ያ ጨዋነት ነው ኢልፖን የገደለው። ግድግዳ ሲገጭ ሰካራም አላለችውም። አንድ ጊዜ ድፍረቱን ሰብስቦ፣

«ያኔ ልትጠይቂኝ የነበረው ምን ነበር?» አላት።

«እ? እሱንማ ረሳሁት» አለች፤ ወዲያው ወደ ስክሪኑ ዞረች።

እንዳልረሳችው ያውቃል። እሱ እንደሚያውቅ ደግሞ እሷ አታውቅም። ይህን ተሸክሞ እስከ ቅዳሜ ቆየ።

ባቡር ጣቢያው ላይ ነፋሱ ይቆርጥ ነበር። ሳይሚ በጫማዋ ጫፍ በረዶ እየፈረፈረች ነገረችው።

«ትሮምሶ ልሄድ ነው፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ ነገረችህ?»

«አይ። እንዲሁ አውቃለሁ።»

«ተቆጣህ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ምንም አትልም?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እየለመነው ነበር፤ ይህ ማንም የሚያየው ነገር ነው፣ እሱም አይቶታል። አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብቻ። ባቡሩ ከሩቅ ብቅ አለ። ኢልፖ አፉን ከፈተ።

«ከዚያም ሆነሽ መጫወት እንችላለን» አለ። «በኢንተርኔት ይሠራል። ላፕቶፕ አዘጋጅልሻለሁ፤ ቁልፎቹን ሁሉ ለአንቺ እጅ በሚመች መንገድ ለብቻው አስተካክዬ...»

«አባዬ።»

«አልትን አልነካብሽም፤ ሙሉ በሙሉ ለጌሙ...»

«አባዬ፣ እባክህ» አለች። «አታስተካክልልኝ። ምንም ነገር አታስተካክልልኝ። ዝም ብለህ ደውልልኝ። የምትለኝ ባይኖር እንኳ ደውልልኝ።»

አንገቱን አቅፋ ሳመችውና ገባች። ባቡሩ ሄደ። ጣቢያው ላይ ሌላ ሸኚ አልነበረም።

ኢልፖ ቤቱ ገባ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ስልኩን አውጥቶ ኪቦርዱ አጠገብ አኖረው። ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ልጅቷ ከዚህ በላይ ምን አድርጋ ትንገረው? ምርጫው ገና አልተዘጋም፤ የሚቀሩት ቀናት አሉ፤ እሷም ገና ባቡሩ ላይ ናት። ስልኩን አነሳ። ስሟን ከዝርዝሩ ፈልጎ አገኘ። «ሳይሚ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ለራሱ ተለማመደው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ግን አልመጣም። ስልኩን መልሶ አኖረው።

ግራ እጁ መንገዱን ያውቀዋልና አልትን ያዘ። ፋይሉ ተከፈተ። የጨዋታ ሞዱ እንከን የለውም፤ እሱም እንከን እንደሌለው ያውቃል። ቢሆንም አንዱን መስመር አጥፍቶ እንደገና ጻፈው፤ ከዚያም ቀጣዩን። ልጁን ያሳጣው ይኸው እጁ እየሠራ ያለው ነገር እንደሆነ በደንብ ገብቶታል፤ እየገባው ነው የጻፈው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲጽፍ ዋለ። አልደወለም።